ካምቦዲያ ጓዟን ጠቅልላ ወጣች። እንዲህ ያለ የጎረቤት ጨዋታ ለእኛ ሰፈር ይበጅ ነበር?

ሱኩምቪት_እንግዳ | ታኅሣሥ 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሰላም ለዚህ ቤት። እናቴን ለሕክምና ይዤ ባንኮክ ከመጣሁ 12ኛ ቀኔ ነው። በውስጥ መስመር ለጠየቃችሁኝ፣ ቀዶ ሕክምናው በሰላም አልቋል። አሁን የምታማርረው ስለ ምግቡ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ድናለች ማለት ነው።

ወደ ጉዳዩ ልምጣ። ትናንት የሆስፒታሉ ካፌ ውስጥ ሻይ ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ሩጫ ያሳያል። ድንገት ነርሷ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ገንዘብ ተቀባዩ፣ ክንዱ ላይ ግሉኮስ የተሰካበት አንድ ሽማግሌ ሳይቀር አንድ ላይ ጮኹ። ሽማግሌው የግሉኮሱን ማንጠልጠያ ይዞ ነው ብድግ ያለው። እናቴ «ምን ሆኑ? ሰው ሞተባቸው እንዴ?» አለችኝ።

ነገሩ ፑሪፖል ቡንሶን የሚባል የ19 ዓመት ልጃቸው 100 ሜትርን በ9.94 ሮጦ ነው። ያውም ለፍጻሜ ለማለፍ በሚደረገው ዙር። ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ከ10 ሰከንድ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ነው አሉ። ፍጻሜውንም እሱ ወሰደው።

ውድድሩ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ጨዋታዎች ነው፣ እዚህ «ሲ ጌምስ» ይሉታል። በየሁለት ዓመቱ 11 ጎረቤታም አገሮች እየተገናኙ ከሩጫ እስከ ቼዝ ይፎካከራሉ። ዘንድሮ 33ኛው ነው፣ አዘጋጇ ታይላንድ። ካምቦዲያ ግን ኅዳር 30 በመክፈቻው ላይ ባንዲራዋን ይዛ ከተሰለፈች በኋላ በማግሥቱ ልዑኳን ሰብስባ ወጣች። ሁለቱን አገሮች በሚያዋስነው ድንበር ላይ መድፍ እየተተኮሰ ነበር። አስተርጓሚያችን ስትነግረኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። እኛ፣ ኬንያ፣ ጅቡቲ፣ ሶማሊያ፣ ሱዳን፣ ደቡብ ሱዳን፣ ኤርትራ፣ ኡጋንዳ ሆነን እንዲህ ያለ ነገር ቢኖረን ምን ይመስል ነበር? ይጠቅማል ወይስ ሌላ የጠብ ምክንያት ነው የሚሆነው? የምታውቁ አጫውቱኝ፣ ሌሊቱ ረጅም ነው።

መስኮት_ዳር

እግዜር እናትህን ይማርልህ። ስለ ጨዋታው ግን ብዙ አትደነቅ። ያ ውድድር የሠርግ ቤት ዘፈን ነው፤ ከሙሽራው ወገን በቀር የሚሞገስ የለም። አዘጋጁ አገር የሚያውቀውን ስፖርት ያስገባል፣ የማያውቀውን ያወጣል፣ ከዚያ ወርቁን ያፍሳል።

ካምቦዲያ በፈረንጆቹ 2022 ሃኖይ ላይ ያገኘችው ወርቅ 9 ነበር። በዓመቱ 2023 ፕኖም ፔን ላይ ራሷ ስታዘጋጅ 81 ሆነ። በአንድ ዓመት ውስጥ ምን በልተው ነው? 81 ወርቅ ብሎ ነገር!

ቁጥር_ወዳድ

@መስኮት_ዳር ቁጥርህ ልክ ነው፣ ግን ካምቦዲያን ብቻ ለምን ለየሃት? ሁሉም ያደርገዋል። ፊሊፒንስ በ2019 ስታዘጋጅ 56 ስፖርት ነው የደረደረችው፣ 530 የወርቅ ሜዳልያ። ከእነዚህ ውስጥ «አርኒስ» የሚባል የገዛ አገሯ የዱላ ፍልሚያ አለ። ለእሱ ብቻ 20 ወርቅ መደበች፣ 14ቱን ራሷ ወሰደች። በጠቅላላ 149 ወርቅ ሰብስባ አንደኛ ወጣች። በሚቀጥለው ሃኖይ ላይስ? 52። ቬትናም ደግሞ በተራዋ በሜዳዋ 205።

ደንቡ ራሱ ይፈቅዳል። አትሌቲክስና የውሃ ስፖርቶች የግድ መኖር አለባቸው፣ ከዚያ በኋላ ያለውን አዘጋጁ ከዝርዝር እየመረጠ ይጨምራል። ስለዚህ ማጭበርበር አትበለው። እንደ ዕቁብ እየው፤ ዛሬ የአንተ ዕጣ ነው፣ ከርሞ የእኔ።

መስኮት_ዳር

@ቁጥር_ወዳድ ዕቁብ ላይ እኮ ሁሉም እኩል ነው የሚጥለው ወንድሜ። ቲሞር ሌስቴ ከ2003 ጀምሮ ትጥላለች፣ ዕጣዋ መቼ ነው የሚወጣው?

ቁጥር_ወዳድ

እሱን አሸነፍከኝ 😄

ገናተኛ

ቆይ ቆይ። አዘጋጁ ስፖርት መጨመር ይችላል ነው የምትሉኝ? እንግዲያው ምን እንጠብቃለን፣ እናዘጋጅ እንጂ!

የእኔ ዝርዝር፦ ገና (ሦስት የወርቅ ምድብ፣ አንዱ በነጠላ ታጥቆ)፣ ፈረስ ጉግስ፣ ገበጣ፣ ትግል፣ ወደል ድንጋይ ማንሳት። በገና ላይ ዳኛ አያስፈልገንም፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ተብሏልና ጥንጉ ቅልጥሙን ያገኘው የውጭ ተጫዋች ክስ ማቅረብ አይችልም። ኬንያ 5 ሺህና 10 ሺህን ትውሰድ፣ እኛ በገበጣ እናካክሰዋለን።

ፕራቱናም

@ገናተኛ ገበጣ ላይ እንዳትሸወድ። ኡጋንዳዎች «ኦምዌሶ» የሚሉት አላቸው፣ ከእኛ የሚበልጥ ሰሌዳ ላይ ነው የሚጫወቱት። ካምፓላ ዕቃ ሳመላልስ አንድ ዘበኛ ሦስቴ አሸንፎኛል። ትግሉንም ደቡብ ሱዳኖች ይወስዱብሃል።

ገናተኛ

እሺ፣ ገበጣን ሰረዝኩት።

ጡረተኛው_አሰልጣኝ

ልጆች፣ ሳቁን ሳቃችሁ፣ እኔ ደግሞ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። እነ መስኮት ዳር 81ን ወርቅ ቆጠራችሁ፣ የዚያ የፕኖም ፔን ውድድር ትልቁ ትዝታ ግን ሜዳልያ አልነበረውም።

የሴቶች 5 ሺህ ሜትር ነበር። ቬትናማዊቷ ንጉየን ቲ ኦአን በ17 ደቂቃ ግድም ገብታ ጨርሳለች። ለእኛ ዓይን 17 ደቂቃ ምንም አይደለም፣ ጉዳፍ ፀጋይ በዚያው ዓመት ርቀቱን በ14፡00.21 ነው የጨረሰችው። እሱን ተዉት። ዝናቡ እንደ ክረምት ሐምሌ መውረድ ጀመረ። ሁሉም ገብቶ ሜዳው ባዶ ሆኖ ሳለ አንዲት ካምቦዲያዊት ብቻዋን ትሮጣለች። ቡ ሳምናንግ ትባላለች፣ የደም ማነስ ያለባት ልጅ ናት። ከአሸናፊዋ ስድስት ደቂቃ ያህል ዘግይታ፣ እያለቀሰች፣ 22፡52 ላይ ገባች። ቪዲዮውን ፈልጋችሁ እዩት። ውሃው ከመሙ ላይ ሲረጭ ጫማዋ አይታይም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሁን ሴን ከባለቤታቸው ጋር 10,000 ዶላር ሸለሟት።

እኔ ሳየው ትዝ ያለኝ የሜክሲኮው 1968 ነው። ማራቶኑን ማሞ ወልዴ በ2፡20፡26 አሸነፈልን፣ ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በዚያው ውድድር መጨረሻ የገባው ማን ነበር? የጎረቤታችን የታንዛኒያ ሰው፣ ጆን ስቲቨን አክዋሪ። መንገድ ላይ ወድቆ ጉልበቱ ተጎድቶ፣ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ከማሞ አንድ ሰዓት በላይ ዘግይቶ ገባ። የእኛ ሰፈር አንደኛም መጨረሻም ነበረ በዚያ ቀን። ሁለቱ ግን ለመገናኘት ሜክሲኮ ድረስ መሄድ ነበረባቸው።

ሱኩምቪት_እንግዳ

ጋሼ፣ ይህን ለእናቴ አነበብኩላት። ማሞ ወልዴ ሲመለስ ከሰው ጋር ወጥታ እንደተቀበለች ነገረችኝ፣ እስከዛሬ አንድ ቀን አልነገረችኝም! አክዋሪን ግን አታውቀውም። «ምስኪን፣ ማን ተቀበለው ይሆን?» አለች።

ናና_ሰፈር

ሰላም ሁላችሁም። እኔ እዚሁ ባንኮክ ናና አካባቢ ከኖርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ሥራዬ ማስተርጎም ነው። (@ሱኩምቪት_እንግዳ ያቺ ድምጿን ዝቅ ያደረገችው እኔ አይደለሁም፣ ግን ለምን ዝቅ እንዳደረገች ይገባኛል። ሰሞኑን ካፌ ውስጥ «ካምቦዲያ» የሚል ቃል ሲነሳ ሰው ዞር ይላል።)

ነገሩ ከጦርነቱ በፊት የጀመረ ነው፣ ያውም በዚሁ ጨዋታ ላይ። ሙዋይ ታይን ታውቃላችሁ፣ በጡጫ፣ በእርግጫ፣ በክርንና በጉልበት የሚደረገው። ካምቦዲያዎች ከእሱ ጋር እጅግ የሚመሳሰል «ኩን ክመር» የሚሉት አላቸው፣ ዋናው ባለቤትም እኛ ነን ይላሉ። በ2023 አዘጋጅ ሲሆኑ ሙዋይ ታይን አውጥተው በቦታው ኩን ክመርን አስገቡ። ታይላንድ በዚያ ስፖርት ተወዳዳሪ አልልክም አለች። እዚህ በጊዜው ታክሲ ውስጥ የሚሰማው ወሬ ሌላ አልነበረም። አንድ ሹፌር «ስሙን ቀይረው የእኛን ነገር ለእኛ ሊሸጡልን» ብሎኝ መሪውን በቡጢ መታው።

ሳቅ እንዳይመስላችሁ። እስቲ አንድ ጎረቤት የእንጀራ ውድድር አዘጋጅቶ «ይህ የእኛ ነው፣ እናንተ እንግዳ ናችሁ» ቢለን አስቡት።

አሁን ደግሞ ሌላውን ልንገራችሁ። እዚሁ ጨዋታ ላይ «ሴፓክ ታክሮ» የሚባል አለ። ሦስት ለሦስት ሆነው በመረብ ላይ እንደ ቮሊቦል ይጫወታሉ፣ ግን በእጅ መንካት ክልክል ነው። በእግር፣ በጉልበት፣ በደረት፣ በጭንቅላት ብቻ። ኳሷ ከራታን ተክል የተጎነጎነች ነበረች፣ ዛሬ ፕላስቲክ ሆናለች። ተጫዋቹ አየር ላይ ተገልብጦ እግሩን ከራሱ በላይ አውጥቶ ይመታታል፣ ከዚያ በእግሩ ያርፋል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ጮኬ አፌን ያዝኩ።

ማሌዥያዎች «የእኛ ነው» ይላሉ፣ ታይላንዶችም «የእኛ ነው»። በ1960ዎቹ ወደዚህ ውድድር ሲያስገቡት ስሙ ላይ ተጣሉ። መጨረሻ ላይ ምን አደረጉ? «ሴፓክ» የማላይ ቃል ነው፣ በእግር መምታት ማለት ነው። «ታክሮ» የታይ ነው፣ የተጎነጎነችው ኳስ። ግማሹን ከአንዱ፣ ግማሹን ከአንዱ ወስደው አንድ ስም አደረጉት። እስከ ዛሬ በዚያ ስም ይጫወታሉ።

እኔን የሚገርመኝ ያው ውድድር፣ ያው ዓይነት ጠብ ሆኖ፣ አንዱን ስም ተካፈሉት፣ ሌላውን ግን መካፈል አቃታቸው።

ገናተኛ

@ናና_ሰፈር ይህ ከሁሉም በለጠ። እንግዲያው ቡናን ከየመን ጋር እንደዚያ እንካፈለው። እነሱ «ሞካ» ይበሉ፣ እኛ «ከፋ»፤ «ሞካከፋ»። አይ፣ አልወደድኩትም 😂

መስኮት_ዳር

ጥሩ ነው፣ አልክድም። ግን የሴፓክ ታክሮውን ጊዜ ከዛሬው ጋር አታነጻጽሩት። ያኔ አገሮቹ ጥቂት ነበሩ፣ ሁሉም ወዳጅ ነበሩ። ሰላም ሲኖር ስም መካፈል ቀላል ነው።

ቁጥር_ወዳድ

@መስኮት_ዳር እዚህ ላይ ተሳስተሃል ወዳጄ፣ ታሪኩን ላውራልህ።

ሐሳቡን ያመጡት ሉዋንግ ሱኩም ናያፕራዲት የሚባሉ የታይላንድ ሰው ናቸው፣ በፈረንጆቹ 1958 ቶኪዮ ላይ በእስያ ጨዋታዎች ወቅት። ምክንያቱ ቀላል ነው። እስያ ላይ ጃፓንን እያሳደዱ ከመኖር ጎረቤታሞቹ እርስ በርስ ቢገናኙ ለመሸነፍም ለማሸነፍም ይመጣጠናሉ። በ1959 ታኅሣሥ አካባቢ እዚሁ ባንኮክ ተጀመረ። አሰልጣኙን፣ ሹሙን ሁሉ ጨምሮ 527 ሰው፣ 12 ስፖርት። የመጡት ታይላንድ፣ በርማ፣ ማላያ፣ ሲንጋፖር፣ ላኦስ እና ደቡብ ቬትናም ነበሩ። ካምቦዲያ ከመሥራቾቹ አንዷ ናት፣ ግን በዚያ ዓመትም አልተገኘችም።

በ1963 ተራው የካምቦዲያ ነበር፣ ውድድሩ ተሰረዘ። አስተውል፣ ያ ያለፋት ተራ የተመለሰላት ከ60 ዓመት በኋላ በ2023 ነው። ደቡብ ቬትናም እስከ 1973 ተሳተፈች፣ ከዚያ የሆነውን ታውቃለህ፣ አገሪቱ በዚያ ስሟ የለችም። የተዋሐደችው ቬትናም የተመለሰችው በ1989 ነው። ኢንዶኔዥያና ፊሊፒንስ የገቡት በ1977፣ ስሙም ያኔ ነው ወደ አሁኑ የተቀየረው። ሴፓክ ታክሮ የገባበትን 1965ን ደግሞ ተመልከት፤ በዚያ ዓመት ቬትናም ውስጥ ጦርነት እየነደደ ነበር፣ ሲንጋፖር ከማሌዥያ ተለይታ የወጣችውም በዚያው ዓመት ነው፣ ኢንዶኔዥያና ማሌዥያም ተፋጠው ነበር። ሰላም ስለነበረ አይደለም የተካፈሉት።

መስኮት_ዳር

ይሁን፣ ተማርኩ። ግን መልስህ ጥያቄዬን አልፈታም። ውድድሩ ጦርነት አላስቆመም፤ ጦርነቱ ግን ውድድሩን ያስቆማል።

ጡረተኛው_አሰልጣኝ

ልጄ መስኮት ዳር፣ ጦርነት ያስቆማል ያለህ ማን ነው? እኔ 31 ዓመት ሙሉ የስፖርት መምህር ነበርኩ። በክፍለ ከተማ ደረጃ እንኳ ሁለት ትምህርት ቤት አጫውቼ ድንጋይ ሲወራወሩ አይቻለሁ። በማግሥቱ ግን የአንዱን በረኛ ሌላው በስሙ ይጠራው ነበር፣ «ያ ረጅሙ» ይለው የነበረው። እኔ የፈለግሁት ይህንን ነው፣ ከዚህ በላይ ስፖርት አልጠይቀውም።

ካቢን_ክሩ

ከሥራ ጋር ስለሚገናኝ ልግባ። እኔ በበረራ ላይ ነው የምሠራው፣ ወደ ሲሸልስ፣ ኮሞሮስና ማዳጋስካር እንመላለሳለን። ለእኛ ቅርብ የሆነው የጎረቤት ጨዋታ ያለው እዚያ ነው፣ ማንም አያወራለትም እንጂ። የሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች ጨዋታ ይባላል፤ በፈረንጆቹ 1979 ሪዩኒየን ላይ ነው የተጀመረው። ሪዩኒየን፣ ሞሪሺየስ፣ ሲሸልስ፣ ማዳጋስካር፣ ኮሞሮስ፣ ማዮትና ማልዲቭስ ናቸው የሚሳተፉት። የመጨረሻው በ2023 ማዳጋስካር ላይ ነበር።

እሱም የራሱ ጣጣ አለው። ማዮት በፈረንሳይ ሥር ናት፣ ኮሞሮስ ደግሞ «የእኔ ደሴት ናት» ትላለች። በ2015 ሪዩኒየን ላይ በባንዲራ ምክንያት ኮሞሮስ ረግጣ ወጣች። በ2019 ሞሪሺየስ ላይ ግን ተመልሳ ነበረች። ስለዚህ የካምቦዲያ መውጣት ለእኔ አዲስ አይደለም። እዚያ ያሉ ሰዎች ስለ ጨዋታው ሲያወሩ አጎታቸው በየትኛው ዓመት ምን እንደሮጠ ነው የሚነግሩህ። ትንሽ ደሴት ላይ ኦሎምፒክ የሄደ ዘመድ ያለው ጥቂት ነው፣ በዚህኛው የተሳተፈ ግን በየቤቱ አለ።

ዲሲ_ታክሲ

እኔ የማስታውሰው ሴካፋን፣ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ነው። ኳስ ብቻ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን ለእኛ ሰፈር ከዚያ የቀረበ ነገር የለም። 1980 ዓ.ም. በእኛ፣ አዲስ አበባ ስታዲየም፣ ከዚምባብዌ ጋር ለዋንጫ። ስታዲየም መግባት አልቻልንም፣ ልጆች ነበርን። አባቴ ሬዲዮኑን መስኮት ላይ አስቀምጦ ጎረቤቱ ሁሉ ግቢያችን ውስጥ ቆሟል። ደምሴ ዳምጤ ነው የሚያስተላልፈው። ፍጹም ቅጣት ምት ላይ ሲደርስ አባቴ ሬዲዮኑን አጠፋው! አልቻለም። እናቴ እጁን መትታ አበራችው። አሸነፍን። የግቢያችን በር በዚያ ቀን ነው የተነቀለው፣ እስከ ደርግ መውደቅ ድረስ በሽቦ ታስሮ ነው የኖረው።

ዛሬ እዚህ አሜሪካ ልጆቼን በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ወደ ሐበሻ ቡድኖች ውድድር እወስዳቸዋለሁ። ደስ ይላል፣ ክትፎም አለ። ግን ተጋጣሚው የራስህ ሰው ነው። ያ በር የሚነቀለው ከጎረቤት ጋር ስትጫወት ነው።

ፕራቱናም

@ዲሲ_ታክሲ አንጀቴን በላኸው።

መስኮት_ዳር

ትዝታው ጥሩ ነው፣ አሁን ወደ ምድር እንውረድ። ብሔራዊ ቡድናችን «የሜዳዬ ነው» የሚለውን ጨዋታ ለዓመታት ሰው አገር ሄዶ ሲጫወት ነው የኖረው፣ ካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) የሚቀበለው ስታዲየም ስላልነበረን። አደይ አበባ ስታዲየም ግንባታው ከተጀመረ ስንት ዓመት ሆነው? 56 ስፖርት የት ልናደርግ ነው፣ ገናተኛ ግቢ ውስጥ?

ሌላም አለ፣ ማንም ማንሳት ስለማይፈልግ እኔ ላንሳው። በፈረንጆቹ 2009 ናይሮቢ ላይ ለሴካፋ የሄዱት የኤርትራ ልጆች ጨዋታው ሲያልቅ ወደ አገራቸው አልተመለሱም፣ ቡድኑ በሙሉ ማለት ይቻላል። እኔ አልፈርድባቸውም። ግን ልጁ ከተወዳደረ በኋላ ይመለሳል ወይ ብለህ የምትሰጋበት ሰፈር ውስጥ፣ የትኛው ፌዴሬሽን ነው በየሁለት ዓመቱ 300 ወጣት አውሮፕላን ላይ የሚያሳፍረው?

ናና_ሰፈር

@መስኮት_ዳር ይህ እውነት ነው፣ መልስም የለኝም። ስታዲየሙን በተመለከተ ግን፣ ካምቦዲያም አልነበራትም። 60,000 ሰው የሚይዘውን ሞሮዶክ ቴቾን ቻይና ናት የሠራችላቸው፣ ልክ እንደ መርከብ ነው ቅርጹ። ትኬቱን ደግሞ ለሕዝቡ በነጻ አደረጉት። ዘንድሮ እዚህ ታይላንድ እንኳ፣ ሃብታም የምንላት፣ ሶንግክላ የሚባለውን ግዛት ኅዳር ላይ ጎርፍ ስለመታው እዚያ ሊደረግ የነበረውን ሁሉ በመጨረሻው ሰዓት ወደ ባንኮክና አካባቢዋ አምጥተው ነው የሸጎሸጉት። አዘጋጅነት ሁልጊዜም በችኮላ ነው የሚደረገው።

ስህተትም ይሠራሉ፣ ያውም አሳፋሪ። በ2017 ማሌዥያ ለእንግዶች ባደለችው መጽሔት ላይ የኢንዶኔዥያን ባንዲራ ገልብጣ አተመችው። ቀይና ነጭ ናት፣ ስትገለብጣት ፖላንድ ትሆናለች። ኢንዶኔዥያ ተቆጣች፣ ማሌዥያ ይቅርታ ጠየቀች።

ቁጥር_ወዳድ

እዚያው ኢንዶኔዥያ ላይ አንድ ልጨምር፣ ኳስ ወዳዱ እንዳይከፋው። 2023 ፕኖም ፔን፣ የወንዶች ፍጻሜ፣ ኢንዶኔዥያ ከታይላንድ። ኢንዶኔዥያ ወርቁን ለመጨረሻ ጊዜ ካየችበት ከ1991 ጀምሮ 32 ዓመት ሆኗታል። 2 ለ 1 እየመራች ሳለ ዳኛው ያፏጫል፣ ተጠባባቂዎቹ አለቀ ብለው ሜዳ ገብተው ይጨፍራሉ። ፊሽካው ለካ ለቅጣት ምት ነው! ታይላንድ ከዚያ አገባች። አሁን እነሱ ሄደው ኢንዶኔዥያዎቹ ፊት ጨፈሩ። ከዚያ የሆነውን ተዉት፣ አሰልጣኝ ከአሰልጣኝ፣ ተጠባባቂ ከተጠባባቂ፣ ቀይ ካርድ እንደ ጉድ ወጣ። በጭማሪ ሰዓት ኢንዶኔዥያ 5 ለ 2 አሸነፈች።

ጋሽ አሰልጣኝ ያነሷት ንጉየን ቲ ኦአን ደግሞ በዚያው ውድድር ሌላ ቀን 1500 ሜትርንና 3 ሺህ ሜትር መሰናክልን አሸንፋለች። በመሐል ያለው ዕረፍት ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ሰዓቷ ኦሎምፒክ አያስገባም። ይህን በእኛ ደረጃ ለካችሁ አትናቁት፣ እዚያ የምትሮጠው ለዓለም ሪከርድ አይደለም።

ጡረተኛው_አሰልጣኝ

መሰናክሉን ከ1500 ቀጥሎ? እግሯ ምን ሆነ? እኔ ብሆን አልፈቅድላትም ነበር። (ካሸነፈች በኋላ ግን እኔ ነኝ ያሠለጠንኳት እል ነበር።)

ይህች ልጅ ግን አንድ ነገር አሳሰበችኝ። እኛ አገር ስንት 5 ሺህ ሜትርን በ15 ደቂቃ ከ40 የምትሮጥ ልጅ አለች? በየክለቡ ሞልተዋል። ለኦሎምፒክ አይደርሱም፣ ለዓለም ሻምፒዮና አይደርሱም፣ ምክንያቱም ከፊታቸው አሥር አሉ። የአገራቸውን ማልያ አንድ ቀን ሳይለብሱ ያገባሉ፣ ይወልዳሉ፣ ሱቅ ይከፍታሉ። ተማሪዬ የነበረች አንዷ ዛሬ ሳሪስ ልብስ ቤት አላት። ስሄድ የድሮ ቁጥሯን፣ ደረቷ ላይ የምትለጥፈውን፣ ከገንዘብ መሳቢያው ክዳን በስተውስጥ ለጥፋው አያለሁ። የጎረቤት ጨዋታ ቢኖር እሷ ትሄድ ነበር። ጅቡቲ ትሮጥ ነበር፣ ካምፓላ ትሮጥ ነበር። እኔ ለፖለቲካው አይደለም የምፈልገው፣ ለእሷ ነው።

መስኮት_ዳር

ጋሼ፣ እዚህ ላይ አልከራከርዎትም።

ገናተኛ

እኔም ቀልዴን ለአንድ ደቂቃ አቆምኩ።

...

አለቀ ደቂቃው። ጉግሱ ግን ይቆይልኝ።

ሱኩምቪት_እንግዳ | ታኅሣሥ 5

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ቀን የጠፋሁት ከሆስፒታል ስለወጣን ነው፣ አሁን ናና አካባቢ አፓርታማ ይዘን ሐኪሙ የቀጠረን ቀን እስኪደርስ እየጠበቅን ነው።

ዛሬ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወርድ የሕንጻውን ዘበኛ አገኘሁት። ስልኩ ላይ ሴፓክ ታክሮ እያየ ነው። @ናና_ሰፈር የነገርሽንን በምልክትና በተሰባበረ እንግሊዝኛ ላወራው ሞከርኩ፣ «ሴፓክ፣ ማሌዥያ፤ ታክሮ፣ ታይላንድ» አልኩት። ሳቀና ራሱን ነቀነቀ፤ ጣቱን ቀስሮ «ታክሮ፣ ታክሮ» አለኝ፣ ሴፓክ የምትለዋን ጨርሶ ሊጠራልኝ አልፈለገም 😄

ከዚያ እኔው ሞኙ «ካምቦዲያ?» አልኩት። ፊቱ ተቀየረ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ወደ ምሥራቅ አመለከተኝና ስልኩን ገልብጦ የአንድ ወታደር ፎቶ አሳየኝ። ልጁ ይሁን ወንድሙ አልገባኝም፣ አልጠየቅሁም። ዳቦውን ይዤ ወጣሁ።

እናቴ ደግሞ ከጋሽ አሰልጣኝ ጽሑፍ በኋላ ሩጫ በአካል ካላየሁ ብላለች። ሱፓቻላሳይ ስታዲየም እንዴት ነው የሚኬደው? መራመድ ትችላለች፣ ደረጃ ግን ከባድ ነው።

ናና_ሰፈር

ሰማይ ባቡሩን ከናና ያዙ፣ ሲያም ላይ ውረዱና መስመር ቀይሩ፣ ከዚያ አንድ ፌርማታ ነው፤ ጣቢያው ራሱ «ናሽናል ስታዲየም» ይባላል። ናና ጣቢያ ሊፍት አለ፣ ሲያም ግን ሰው ይበዛል፣ እጃቸውን ያዝ። ከሰዓት በኋላ ከሆነ ፀሐዩ ስለማይቻል ጃንጥላ አትርሳ። ነገ ሥራ የለኝም፣ ከፈለጋችሁ አብሬያችሁ እሄዳለሁ። ቴርሞስ ቡና እኔ አመጣለሁ፣ ለእማማ ምግቡን በተመለከተ ደግሞ ሽሮ መሥራት እችላለሁ።

ሱኩምቪት_እንግዳ

እናቴ «ቃሪያ አላት ወይ በላት» ብላለች።